ለክራሩም ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይኑር፦ ልጅ ይዛችሁ ለተሰደዳችሁ

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ከአገር ለወጣችሁም፣ ዓመታት ለተቀመጣችሁም ነው። ብዙ ሰው ኤርፖርት ሄጄ ተቀብያለሁ። ብዙ ቤተሰብ ሲቋቋምም ሲበተንም አይቻለሁ። ብዙ ነገር አነሳለሁ፤ ዋናው ግን ልጆቻችንን ከሙዚቃ፣ ከሥዕልና ከቴአትር አትለዩአቸው የሚል ነው። ሳላለሳልስ ብናገር አትቀየሙኝ።

1. ወረቀት

የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት ጠበቃ አነጋግሩ። ያስገባችሁትን ሁሉ ቅጂ አስቀሩ። ካፌ ውስጥ የሰማችሁትን የሕግ ምክር እዚያው ካፌ ውስጥ ተዉት።

2. ሥራና ገንዘብ

ሁለት ሥራ ለጥቂት ጊዜ ያስኬዳል። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ልጃችሁን ተኝቶ ብቻ የምታዩት ወላጆች ትሆናላችሁ። ወደ አገር ቤት ስትልኩም ለምን እንደምትልኩ እወቁ። ለእናት መድኃኒት፣ ለእህት የትምህርት ክፍያ፣ ይሁን። ለአጎት ልጅ በየዓመቱ አዲስ ስልክ መላክ ግን ልጁንም እናንተንም መጉዳት ነው። ገንዘቡ ላይ ኋላ እመለስበታለሁ።

3. «ዶክተር ወይ ኢንጂነር»

ልጁ አምስተኛ ክፍል ሳይደርስ ሙያው ተመርጦለት ያልቃል። ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ አሁን ደግሞ ኮምፒውተር። ልጅቷ ደብተሯ ጠርዝ ላይ የሰው ፊት ስትስል ከተገኘች «ይሄ ምን ሊረባሽ ነው? ሂሳብሽን ሥሪ» ትባላለች። ልጁ ትምህርት ቤት ቴአትር ክበብ ገባሁ ካለ «ለዚህ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ መከራ ያየነው?» ይባላል። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ስንት ቤት ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ!

እስቲ የራሳችንን ሰዎች እንይ። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠና ነበር። እዚያ ያስተማሩት ሰዎች ስጦታውን አይተው ወደ ሥዕል እንዲያዘነብል አበረታቱት። ዛሬ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው የእሱ ባለቀለም መስታወት ሥር ይቆማል። ሥራው 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ የአፍሪካን ያለፈውን፣ የዛሬውንና የነገውን ትግል ያሳያል። ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ ሲላክ ኢንጂነር ይሆናል ተብሎ ነው። እሱ ግን ሙዚቃን መረጠ። ለንደን ተማረ፣ ቦስተን ተማረ፣ የእኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋህዶ ኢትዮ ጃዝን ለዓለም ሰጠ።

ሁለቱም የተላኩበትን ተምረው ቢመለሱ ኖሮ አገሪቱ ሁለት ጥሩ ኢንጂነሮች ታገኝ ነበር። የእነሱን ቦታ የሚሸፍን ሌላ ኢንጂነርም ባልጠፋ። ያንን መስታወትና ያንን ሙዚቃ ግን ሌላ ማን ይሠራልን ነበር?

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያናድደኛል። ሠርግ ላይ ዘፋኙ ሲመጣ እየተሻማን ግንባሩ ላይ ዶላር እንለጥፋለን። አብረን እናለቅሳለን፣ አብረን እንጨፍራለን። ማግስቱን ልጃችን ዘፈን መማር እፈልጋለሁ ሲል «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብለን እናሸማቅቀዋለን። ይሄ ከየት የመጣ ንቀት ነው? በደስታችንም በሐዘናችንም ያለእነሱ አንድ ቀን ውለን አናውቅም።

ልጃችሁ ሐኪም መሆን ከፈለገች እሰየው፣ ትሁን። ክራር የምትመታ ሐኪም ብትሆን ደግሞ ምን ይጎድልባታል?

4. ልጆቹ ዝም ያሉት ለምን ይመስላችኋል?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር። እዚህ የሚያድጉ ልጆቻችን ሁለት ዓለም ተሸክመው ነው የሚውሉት። ትምህርት ቤት ስማቸው በትክክል አይጠራም። ቤት ሲመጡ አማርኛቸው ይሳቅበታል። አክስት በስልክ «ኧረ ተዪው፣ ፈረንጅ ሆኗል» ስትል ልጁ አጠገቧ ቆሞ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ አፉን ይዘጋል። በሩንም ይዘጋል። እናንተ «ጌም ነው ያበላሸው» ትላላችሁ። ጌሙ ከመምጣቱ በፊት ያላወራው ስንት ነገር አለ መሰላችሁ።

ጥበብ ለእንዲህ ያለ ልጅ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለችም። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሊለው ያልቻለውን የሚልበት መንገድ ናት። በሥዕል፣ በግጥም፣ በመድረክ፣ በከበሮ።

አንድ የ14 ዓመት ልጅ አውቃለሁ። ከእናቱ ጋር የሚነጋገሩት ስለ ምግብና ስለ ዋይፋይ ብቻ ነበር። ኮሚኒቲው ውስጥ ክራር የሚያስተምር ወጣት ተገኘና እየጎተቱ ወሰዱት። መጀመሪያ ያስተማረው መቃኘት ነው። ልጁ ጆሮውን ወደ ክሩ አስጠግቶ ትንሽ ያጠብቃል፣ ይመታል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ያላላል፣ ደግሞ ይመታል። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን አንድ በአንድ በጆሮው ለየ። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ ነው፤ ግን አንዱ ያስተክዛል፣ ሌላው ያስነሳል። ማታ ማታ ቤት ይለማመድ ጀመር። አንድ ቀን እናቱ ሽንኩርት እያቁላላች ሳለ ከወዲያ ክፍል ትዝታን ሰማች። ሳታስበው ግጥሙን ማዜም ጀመረች። ልጁ ክራሩን እንደያዘ ወጥ ቤት መጣና «እማዬ፣ ይሄን ማን አስተማረሽ?» አላት። እሷም ስለ እናቷ አወራችው። ስለ አያቱ ድምፅ፣ ስለ መንደሩ፣ ሙሾ ሲወጣ ስለሚደረገው። ወጡ አረረ። በዚያ ቤት እንደዚያ ረጅም ወሬ ተወርቶ አያውቅም ነበር።

ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልተቆረጠ ልጅ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማየት ዘ ዊኬንድ የሚባለውን ዘፋኝ አቤል ተስፋዬን ተመልከቱ። ቶሮንቶ ነው የተወለደው። ያሳደገችው አያቱ ናት፤ አፉን የፈታውም በአማርኛ ነው። ዓለም ሁሉ ከሚያውቃቸው ዘፈኖቹ በአንዱ ውስጥ አማርኛ አስገብቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት እንዲጀመር 50 ሺህ ዶላር ሰጥቷል። ጁሊ ምሕረቱ በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የወጣች ናት። ዛሬ ግድግዳ የሚያክሉ ሸራዎቿ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል። ካርታ፣ ሕንፃ፣ የከተማ መስመር በላይ በላዩ የሚደራረብበት ሥዕል ነው። ከአገር አገር የሄደ ሰው ሲያየው አንድ ነገር ይነካዋል። ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳዩአቸው። ዋሽንግተን ያላችሁ፣ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነፃ ነው። ለንደን ያላችሁ ብሪቲሽ ሙዚየምም በነፃ ይገባል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ተዘርፈው የወጡ ቅርሶቻችን እዚያ መሆናቸውን እግረ መንገዳችሁን ንገሯቸው። ልጅ የአያቶቹ እጅ ምን ይሠራ እንደነበር ሲያውቅ አንገቱን ቀና ያደርጋል።

ጉዳዩ የልጆቹ ብቻም አይደለም። እንደ ማኅበረሰብ ምን ላይ እንዳለን ታውቃላችሁ። በፖለቲካ ተቆራርጠናል። አንዱ የጠራው ስብሰባ ላይ ሌላው አይገኝም። ለቅሶ ቤት እንኳ የሚቀር ሰው መጥቷል። ልጆች አብረው አንድ ቴአትር ሲያጠኑ ግን ወላጆች ውጭ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆመው መጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል። መጀመሪያ ሰላምታ የለም። ከዚያ «ልጅህ የትኛውን ገጸ ባሕርይ ነው የሚጫወተው?» ይመጣል። ከዚያ ቡና ይመጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌ ልከን ያልሆነልን ነው።

5. ገንዘቡ

እንግዲህ ቃል በገባሁት መሠረት። ዓመታዊ በዓል ሲደርስ ለአዳራሽ፣ ለባንድ፣ ለምግብ ስንት እንደምናወጣ እናውቃለን። ልጆቹን የአበሻ ልብስ እናለብሳቸውና አሥር ደቂቃ እስክስታ አስወርደን፣ ቪዲዮ ቀርጸን እናስወርዳቸዋለን። በቀሪው ዓመት ማን ያስተምራቸዋል? ማንም። አስተማሪ ሲገኝም «በነፃ አስተምርልን፣ ለወገን ነው» እንለዋለን። ኧረ እንፈር! የሒሳብ አስጠኚውን በሰዓት ከፍለን የክራር አስተማሪውን በምርቃት የምንሸኘው እስከ መቼ ነው?

ከተማችን ውስጥ ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አባት ነበሩ። አንድ ክር ላይ ሰውን የሚያስለቅሱ። በየሠርጉ ጠርተናቸዋል፤ ልጅ ይዞ ሄዶ «ጋሼ፣ ያስተምሩልኝ» ያላቸው ሰው ግን አልነበረም። አንድ ተማሪ ሳይተኩ አረፉ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ሰበብ የለም። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ ስንት ወጣቶች አሉ። በቪዲዮ በሳምንት አንድ ሰዓት ክራር፣ ዋሽንት ወይም ማሲንቆ እንዲያስተምሩ ተስማሙና በወጉ ክፈሏቸው። ለአጎት ልጅ ስልክ የምትልኩት ገንዘብ ለወራት ይበቃል። እዚያ ያለው ባለሙያ በሙያው ይኖራል፣ እዚህ ያለው ልጅ ይማራል። ሥዕል ለሚወድ ልጅም ዓለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች አሉ። ግጥም ለምትወድ ልጅ ደግሞ ሰምና ወርቅ የሚያስረዳት ሰው ፈልጉ። አንዱን ስንኝ ፈትታ ወርቁን ስታገኘው ፊቷን እዩት።

አገር ቤት ስትሄዱ ሁለቱንም ሻንጣ በበርበሬና በሽሮ ሞልታችሁ እንደምትመለሱ አውቃለሁ። አንድ ኪሎ በርበሬ ቀንሱና ክራር አምጡ።

6. ከየት ልጀምር ለምትሉ

የልጃችሁን ትምህርት ቤት ሙዚቃና ሥዕል መምህር ስም ታውቃላችሁ? የሒሳቡን ታውቃላችሁ። በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ተዋወቁት። ብዙ ቦታ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ማዘጋጃ ቤቱ ለልጆች ነፃ ወይም ርካሽ ትምህርት አላቸው፤ ጠይቁ። መሣሪያውን ልጁ ራሱ ይምረጥ። ቫዮሊን ቢል ቫዮሊን፣ ከበሮ ቢል ከበሮ፤ በክራር ካልሆነ አትበሉ። ውጤቱ ሲቀንስ ቅጣት ብላችሁ ሥዕሉን ወይም ሙዚቃውን አትከልክሉ፤ ስልኩን ያዙ። ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ሲወጣ ፈረቃችሁን ቀይራችሁ ተገኙ፤ አንድ መስመር ብቻ የሚናገር ቢሆንም። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ተነሺ፣ ዝፈኚላቸው» እያላችሁ አታሸማቅቋት። መጫወት ስትፈልግ ራሷ ትጠራችኋለች።