ድቅሉን ዲስክ ልግዛው ላሉት የሞጣው መምህር

መምህር፣ «አንድ ነጋዴ 1 ቴራባይት ኤስኤስኤችዲ (ድቅል ዲስክ) አሳይቶኝ ‹8 ጊጋባይት ፍላሽ ስላለው እንደ ኤስኤስዲ ይፈጥናል› አለኝ፤ ለአሮጌው ላፕቶፔ ልግዛው?» ብለው ጠይቀዋል። ነጋዴው አልዋሸም፤ ግማሹን ነው የነገረዎት። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ እንዲህ ባለው ዲስክ ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ።

ውስጡ ያው የምናውቀው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፤ የሚዞር አካል በሌለው ፈጣኑ ዲስክ በኤስኤስዲ ውስጥ ያለው ዓይነት ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ፣ ማለትም ፍላሽ፣ ተጨምሮበታል። ፍላሹ ፋይል የሚያስቀምጡበት ቦታ አይደለም፤ ዊንዶውስም ለይቶ አያየውም። ዲስኩ ራሱ ደጋግመው የሚከፍቱትን እየታዘበ ቅጂውን ፍላሹ ላይ ያኖራል። ስለዚህ በገባበት ዕለት ምንም የተለየ ነገር አያዩም። እኔ ዊንዶውስ ጭኜ መጀመሪያ ስከፍተው፣ የተቀዳልኝን ቡና ጨርሼ የዊንዶውስ መክፈቻ ነጥቦቹ ስክሪኑ ላይ ገና ይዞሩ ነበር። «ተበላሁ» አልኩ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ግን ስኒው ሳይጋመስ ተከፈተ።

ደስታዬ ሰኔ ላይ ቀዘቀዘ። 40 ጊጋባይት የትምህርት ቪዲዮ ስገለብጥበት ያው የድሮው ዘገምተኛ ዲስክ ሆኖ አረፈው። ከዚህ በፊት ላልተነበበ ነገር ፍላሹ ምንም አይፈይድም። ዊንዶውስን እንደገና ሲጭኑም ትምህርቱን ከሀ ይጀምራል።

የዲስኩን ዙርም ይጠይቁ፤ ዙሩ በበዛ ቁጥር ዲስኩ ይፈጥናል። ዲስክ አምራቹ ሲጌት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞመንተስ ኤክስቲ የተባለ ድቅል 4 ጊጋባይት ፍላሽ ይዞ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞር ነበር፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የመጡት የላፕቶፕ ድቅሎቹ ፍላሻቸው 8 ጊጋባይት ቢሆንም ዙራቸው 5,400 ነው። የፍላሹ ቁጥር ብቻ አያማልልዎ።

ከሁሉ በላይ ግን ማስመሪያ ይዘው ይሂዱ። «2.5 ኢንች ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 9.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ወፍራሙ ቀጭን ማስገቢያ ውስጥ አይገባም። ቀጭኑ በሰፊው ይገባል፣ ግን ይላወሳል። የእኔው ባለ 7 ነበርና ከደጀን መልስ ሚኒባሱ ባንገጫገጨ ቁጥር ቦርሳዬ ውስጥ ሲንኳኳ ሰማሁት። የደብተር ሽፋን አጥፌ ከሥሩ ብሸጉጥበት ጸጥ አለ።

መብራት ነገር ደግሞ ያውቁታል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ የሚዞር ዲስክ በየጊዜው ድንገት ይቆማል፤ የእኔው በሦስተኛው ዓመት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረና ሄደ። ፍላሹ ደህና ቢሆን እንኳ የያዘው የጥቂቱን ቅጂ ስለሆነ ፈተናዎቼን አላዳነልኝም። ያተረፈኝ ጎረቤቴ ዘንድ የነበረ ሌላ ግልባጭ ነው።

እኔ ብሆን ገንዘቤን 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ አውዬ ዊንዶውስን እሱ ላይ እጭን ነበር። አሁን ያለዎትን ዲስክ በዩኤስቢ የሚሰካ መያዣ ውስጥ ከትተው ለቪዲዮና ለፎቶ ያድርጉት። ኤስኤስዲውም ብዙውን ጊዜ 7 ሚሊሜትር ነው፤ የደብተር ሽፋኑን አይርሱ።

ድቅሉ በጣም ረክሶ ካገኙት ግን አልቃወምም። ያገለገለ ከሆነ ብሩን ከመክፈልዎ በፊት ነጋዴው ኮምፒውተር ላይ ያሰኩትና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራና የተበላሸ ክፍል እንዳለበት ይዩ። ነጋዴው ይህን እምቢ ካለ ዲስኩን እዚያው ይተዉለት።