የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ርችቱ ከመተኮሱ በፊትና ከተተኮሰ በኋላ

በዚህ እትም ከወሎ የደረሱን አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ርችት ስለሆኑ አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ርችት ከሚተኩሱ ሰዎች ጋር በቀን ሥራ ተቀጥሬያለሁ። ተኩሱ 10 ደቂቃ አይሞላም፤ እነሱ ግን «ከጧቱ 1 ሰዓት ግባ፣ የማግስቱም ጧት ትፈለጋለህ» አሉኝ። ምን ሊያሠሩኝ ነው? አደጋስ አለው?

መልስ፦ አብሽር ወንድማችን፣ አልቀለዱብህም። ቀኑን ሙሉ የምትይዘው አካፋና ጆንያ ነው። ወደ ሰማይ የሚወጣ እያንዳንዱ የርችት ኳስ የራሱ ቱቦ ይፈልጋል። ቱቦው ወይ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ወይ በእንጨት ፍሬም ታስሮ አሸዋ በተሞላ ጆንያ ይደገፋል። መቶ ኳስ ካለ መቶ ቱቦ ነው፤ ወገብህ ይመሰክራል።

አደጋው የሚጸነሰው እዚሁ አሰልቺ ሥራ ላይ ነው። አንድ ኳስ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ከፈነዳ ምስማሩ የላላ ፍሬም ይገለበጣል፤ የቀሩት ቱቦዎች አፋቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው መተኮሳቸውን ይቀጥላሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያዋ ሲሚ ቫሊ ከ20 በላይ ተመልካቾች የተጎዱት በዚህ ዓይነት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ፍሬም በእጅህ ወዝውዘው፤ ከተነቃነቀ ሳታፍር ተናገር። ቱቦ ብለው ነጭ የውሃ መስመር ፒቪሲ ካመጡ ግን ሥራው ይቅርብህ፤ ሲፈነዳ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። የሚያገለግለው ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ወይም ፋይበር ግላስ ነው።

ኳሱ ከመግባቱ በፊት ቱቦው ውስጥ ውሃ፣ አሸዋ ወይም የቆየ ወረቀት አለመኖሩን አረጋግጥ። ኳሱን በገመዱ ይዘህ ቀስ አድርገህ አውርደው፤ አትጣለው። እምቢ ካለ አትግፋው፣ አውጥተህ ለኃላፊው ስጥ። በሰፊ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ኳስ ማስገባትም አይሆንም፤ ጋዙ በጎንና በጎን ስለሚያመልጥ ኳሱ ከፍ ሳይል ይፈነዳል። አንዴ ከተጎረሰ በኋላ ጭንቅላትህም እጅህም ከቱቦው አፍ በላይ ለአፍታ እንኳ አይለፍ።

የጳጉሜን ዝናብ ደግሞ አለ። ከኳሱ ሥር ያለው አስወንጫፊ ባሩድ ከረጠበ ግፊቱ ይደክማል፤ የኳሱ የውስጥ ፊውዝ (ቀስ ብሎ የሚነድ ክር) ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይነዳል። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ወይም መሬት ላይ ተመልሶ ወድቆ የሚፈነዳ ኳስ ነው። የቱቦዎቹን አፍ በፕላስቲክ የመሸፈኑ ሥራ ለዚህ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ሰው ከቦታው ይርቃል።

ማቀጣጠያው በኤሌክትሪክ ከሆነ የሽቦዎቹ ጫፎች ከመተኮሻ ሳጥኑ መስመር ጋር እስኪገናኙ ድረስ እርስ በርስ ተጠምዝዘው ይቆዩ። ተራ ቴስተር አታስነካቸው፤ ከቴስተሩ ባትሪ የሚወጣው ኃይል ሊለኩሳቸው ይችላል። ለዚሁ የተሠራ መለኪያ አለ። የመተኮሻ ሳጥኑ ቁልፍ ሽቦ የሚያገናኘው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። አንተም የጥጥ ልብስ ልበስ፤ ናይለን ጃኬት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ተኩሱ ሲያበቃ 30 ደቂቃ ማንም ወደ ቱቦዎቹ አይጠጋም። ከዚያ በባትሪ ፍለጋ፣ ውሃ ማጠጣት፣ ቆጠራ ይቀጥላል። የማግስቱ ጧት የምትፈለገው ሳር ውስጥ የወደቀ ያልፈነዳ ኳስ በሌሊት ስለማይታይ ነው። የዚያን ጧት ሒሳብ አስቀድመህ ተነጋገር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ከደሴ፦ ለሆቴሌ ምረቃ ጥር ላይ ከጣሪያው ላይ ባለ 4 ኢንች ርችት ማስተኮስ አስቤያለሁ። ይቻላል?

መልስ፦ ከጣሪያ አይቻልም። አሜሪካኖቹ የሚሠሩበት ልኬት ለእያንዳንዱ የኳስ ስፋት ኢንች ወደ 21 ሜትር ርቀት ነው፤ ለ4 ኢንች ኳስ በዙሪያው ወደ 85 ሜትር ሰው የሌለበት ባዶ ቦታ ማለት ነው። ኳሱ የሚፈነዳው 120 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደሴ ደግሞ ተዳፋት ናት፤ ከእርስዎ በላይ ጦሳ ተራራ ሥር ያሉ ቤቶች ለፍንዳታው ከሚያስቡት በላይ ቅርብ ናቸው። ጥር ላይ ሳሩ ደርቋል፣ በየዳርቻው የጭድ ክምር አለ፤ አንድ ፍም ይበቃዋል። በቂ ሜዳ ካገኙ የፖሊስ ፈቃድ ይዘው እዚያ ያስተኩሱ። ሰዓቱንም በእድር፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን አስቀድመው ያስነግሩ፤ በ2014 ዓ.ም. የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰማ ሰው ሳይነገረው እንዲህ ያለ ፍንዳታ ሊሰማ አይገባም።

ከሐይቅ፦ ልጄ ከበዓሉ ማግስት በወረቀት የተጠቀለለ፣ ጅራት ያለው ኳስ ከሜዳ አንሥቶ ቤት አመጣ። አሁን ጓዳ ነው ያለው። ልጣለው ወይስ ላቃጥለው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሁለቱንም አያድርጉ። ምድጃ ካለ ወደ ኳሱ ሳይጠጉ ያጥፉ፣ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡና ፖሊስ ይጥሩ። «ውስጡን ልየው» የሚል ጎረምሳ ከጎረቤት አይጠፋም፤ እሱን ይከልክሉልን። ውስጡ ያለው የሚነድ ቅመም በመፋተግ ብቻ ሊቀጣጠል ይችላል። ዝናብ ስለመታው ሞቷል ማለትም አይደለም፣ ሲደርቅ ሊነድ ይችላል። የተገኘው ነገር ብረት ከሆነማ ከጦርነቱ የቀረ ሊሆን ስለሚችል ልጁ ያገኘበትን ቦታ በጣት ያሳይ እንጂ ተመልሶ እንዲሄድ አይፍቀዱለት።

ከወልዲያ፦ የሠርግ ዲኮር እሠራለሁ። «ቀዝቃዛ» የሚባለው የብልጭታ ማሽን መሀል ላይ እየደፈነ አስቸገረኝ።

መልስ፦ የሚደፍነው ዱቄቱ እርጥበት ስቦ ሲጓጉል ነው። ዱቄቱ ቲታኒየምን የመሰለ የብረት ብናኝ ነው፤ ስሙ ቀዝቃዛ ይባል እንጂ ከአፉ ሲወጣ ያቃጥላል። ሲደፍን ማሽኑን ከሶኬት ንቀል፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፤ እየሠራ ሳለ በሽቦ አትጎርጉረው። ከሙሽራዋ ቬሎና ከድንኳኑ ሸራ ቢያንስ 3 ሜትር አርቀው። ዱቄቱ ከተያያዘ ውሃ አይደፋበትም፣ እሳቱን ያባብሰዋል፤ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ከማሽኑ አጠገብ ይኑር። ከሠርጉ የተረፈውን ዱቄት ማሽኑ ውስጥ አታሳድረው፤ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ አስቀምጠው።