ርጥብ ባሕር ዛፍ ወይስ ከሰል?

እህቴ፣ የተከራየሽው የድሮ ቪላ ሳሎኑ ውስጥ የእሳት ምድጃ አለው። ለክረምቱ ርጥብ ባሕር ዛፍ በርካሽ አግኝተሻል። እሱን ላንድድ ወይስ ጭስ የለውምና ከሰል ይሻለኛል ነው ጥያቄሽ። እኔ ሁለቱም ይቅሩብሽ ባይ ነኝ። እኛ ቤት የደረሰውን ልንገርሽ።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። እንጨቱን ከእንጦጦ ተሸክመው ከሚወርዱት እናቶች በራችን ላይ እንገዛ ነበር። ገዝተን በሳምንቱ እናነደዋለን። ርጥብ ፍልጥ ሲነድ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ በተቆረጠው ጫፉ በኩል አረፋ ይደፍቃል። እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ያንን ውሃ በማትነን ነው። ጭሱ ሳይሞቅ ይወጣና የጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ክሪዮሶት ይባላል። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ጥቀርሻ በመጥረጊያ ይረግፋል። ሲከርም ግን እንደ ሬንጅ እያብለጨለጨ ይደድራል፤ ያን ጊዜ እሱ ራሱ ይነዳል።

አንድ የነሐሴ ማታ አባቴ ደረቅ ጭራሮ ከነቅጠሉ ጨመረበት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው። ነበልባሉ ሽቅብ ተስፈነጠረ፤ ወዲያው ከላይ ከባድ መኪና የሚያጓራ የሚመስል ድምፅ መጣ። ወጥተን ስናይ የጭስ ማውጫው አፍ እሳት ይተፋል። እናቴ ባልዲ ይዛ መጣች፤ አባቴ ከለከላት። የጋለ ጡብ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ፍሙን በአሸዋ አፈነውና ሁላችንንም ደጅ አስወጣን። እግዜር ይመስገን፣ ቤቱ ተረፈ። በማግስቱ ግንበኛው ከኮርኒሱ በላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘ። ስንጥቁ አጠገብ ያለው የጣሪያ እንጨት ጠቁሯል።

ከሰል ጭስ ማውጫውን ያን ያህል አያቆሽሽም፣ እውነት ነው። ሰው ግን ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ፍሙ ሲደክም ጭስ ማውጫው ይቀዘቅዛል፤ መሳቡን ይተውና ጋዙ ሳሎን ይቀራል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምርሽ ብርድ ነው ብለሽ መስኮት ዘግተሽ ትተኛለሽ። በከሰል ስንት ቤተሰብ እንደተኛ ቀረ! እባክሽ ይሄን አቅልለሽ አትዪው።

የሚሻልሽ ተፈልጦ፣ ጣሪያ ስር ንፋስ እያገኘው ከ6 ወር እስከ ዓመት የከረመ እንጨት ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መውረድ አለበት። መለኪያ ባይኖርሽ ሁለት ፍልጥ አጋጪ። ደረቁ ቋ ይላል፤ ርጥቡ ድፍን ያለ ድምፅ አለው። የደረቀ ጫፉም የተሰነጣጠቀ ነው። ለዘንድሮ ያልተቀባ የሞራሌ ቁርጥራጭ ከግንባታ ቦታ ለምኚ። ኮምፔንሳቶና ቺፑድ ግን ሙጫ አለባቸው፣ ጭሳቸው መርዝ ነው። በፌስታል ማቀጣጠልም ይቅር።

ከሁሉ በፊት አከራይሽን ጭስ ማውጫው መቼ እንደተጠረገ ጠይቂ። በባትሪ አብርተሽ ወደ ላይ እዪ። የተጋገረው 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ወይም የወፍ ጎጆ ካለበት፣ ሳይጠረግ ክብሪት እንዳትጭሪ። ድንገት ያ የሚያጓራ ድምፅ ከመጣ ልጆቹን ይዘሽ ውጪና የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ጋ 939 ደውዪ።