መልስ፦ የከባድ ብረቶች ብክለት የዓሣን ጤና እንዴት ይጎዳል?

እዚህ ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር የተጣለ አሮጌ የመኪና ባትሪ አይተው «ውኃው ንጹሕ መስሎ እያለ ዓሣው ሊታመም ይችላል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። አዎ፣ ይችላል፤ በውኃ የሟሟ ከባድ ብረት፣ እርሳስም ሆነ ካድሚየም፣ በዓይን አይታይምና።

ጉዳቱ የሚጀምረው ዓሣው ከሚተነፍስበት ከስንጥቡ ነው። ብረቱ ስሱን ቀይ ንጣፍ ሲያቆስለው ዓሣው ልጋጉን ያበዛል፤ ልጋጉም የኦክስጅኑን መተላለፊያ ስለሚጋርድ፣ ውኃው አየር ሳያጣ ዓሣው ወደ ላይ ብቅ እያለ አፉን ሲከፍትና ሲከድን ሊታይ ይችላል። መዳብ ደግሞ፣ በጥቂቱ ለሕይወት የሚያስፈልግ ቢሆንም፣ ሲበዛ የማሽተት ኃይሉን ስለሚያደነዝዝ ዓሣው ምግቡንና ጠላቱን መለየት ይሳነዋል፤ እኔ የከፋ የምለው ይህንን ነው፣ ሳይሞት ኑሮው ይበላሻልና።

ወደ ደም የገባው ካድሚየም በጉበትና በኩላሊት ይከማቻል፤ በሥጋው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። ሜርኩሪ ግን ሥጋው ውስጥ ይቀመጣል፣ በመጥበስም አይወጣም። ስለዚህ ከግልገል ጊቤ ግድብ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ሲገዙ፣ ሜርኩሪውን ባያስወግድም ካድሚየሙን ለመቀነስ፣ የሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን ያስወግዱ። ለእርሳስ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በአንድ ኪሎ ግራም ሥጋ 0.3 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ይህም የሚረጋገጠው በላቦራቶሪ ብቻ ነው።