ከቤተሰብ ጋር ሙዚየም ስትሄዱ ሁለት ክፍል ይበቃችኋል

ልጆች፣ እኔ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው፣ ያውም ጎብኚ በማያየው በጓዳ በኩል፣ አጥንት ሳጸዳ፣ ወፍ በየመሳቢያው ስደረድር፣ ከእያንዳንዱ ነገር አጠገብ የሚቀመጠውን የመግለጫ ካርድ ስጽፍ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰው ሲጎበኝ ማየት በጣም ስለምወድ በእረፍት ሰዓቴ አዳራሹ ውስጥ እቆም ነበርና እዛ ቆሜ ካየሁት ተነስቼ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ፣ በተለይ ታናናሾቻችሁን ወይ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ለምታስቡ።

መጀመሪያ የምለምናችሁ፣ ሁሉንም ለማየት ብላችሁ አትግቡ። ቤተሰቡ በር ላይ ካርታውን ይቀበላል፣ ከዛ ወደ ዳይኖሰር፣ ከዛ ወደ ነፍሳት፣ ከዛ ማዕድን፣ ከዛ ወፎች እያለ ይሮጣል፣ ልጁ አንድ ነገር ላይ ሲቆም "ና፣ ገና ብዙ አለ" ተብሎ በእጁ ይጎተታል፣ ከሰዓት ላይ ሁሉም ደክሞት ተነጫንጮ ይወጣል። ምን አያችሁ ሲባሉ "ዳይኖሰር" ከማለት ውጪ የሚናገሩት የላቸውም። ሁሉንም ማየት እኮ አይቻልም። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ብቻ ወደ 80 ሚሊዮን የሚሆን ናሙና አለው፣ ለእይታ የሚወጣው ከዛ ውስጥ በጣም ጥቂቱ ነው፣ ሌላው ጓዳ ነው ያለው። የትም ብትሄዱ ነገሩ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ሁለት ክፍል ምረጡ በቃ፣ ልጁ የቆመበት ጋ አብራችሁ ቁሙ፣ ጉንዳን ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆመም ይቁም።

መቆም ስል ዝም ብሎ ማፍጠጥ ማለቴ አይደለም። የቀጭኔ አጽም ካለ እዛ ሂዱና ልጁን "አንገቷ ውስጥ ስንት አጥንት ያለ ይመስልሃል?" በሉት። 20 ይላል፣ 50 ይላል። ከዛ አብራችሁ ቁጠሩ፣ ከራስ ቅሉ ስር ጀምራችሁ የመጀመሪያው ጎድን የተያያዘበት አጥንት ላይ ስትደርሱ እሱን ሳትቆጥሩ አቁሙ። ሰባት ነው። አሁን የራሱን አንገት ከኋላ ይንካ፣ እሱም ሰባት ነው ያለው፣ አይጥም ሰባት፣ ዓሣ ነባሪም ሰባት፣ ከአጥቢ እንስሳት ከዚህ ቁጥር የሚወጡት ስሎዝ የሚባለው ዛፍ ላይ የሚኖር ዘገምተኛ እንስሳ እና ማናቲ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ ናቸው። የቀጭኔዋ አንዷ አጥንት ብቻ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ትረዝማለች እንጂ ቁጥሩ አልተጨመረም። ይሄን በጣቱ እየቆጠረ ያገኘ ልጅ አይረሳውም፣ አንብባችሁ ብትነግሩት ግን ምሳ ሳይበላ ይረሳዋል። ካርዱን ጮክ ብሎ እያነበበ ቤተሰቡን የሚያስተምር ታላቅ ወንድም ብዙ አይቻለሁ፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው ግን ማንም አይሰማውም። ከማንበባችሁ በፊት "ምን ታያለህ?" በሉ፣ ካርዱ በኋላ ይደርሳል።

ዓሣ ነባሪ ላይም እንደዚሁ። ለንደን እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ በዋናው አዳራሽ የተሰቀለችው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ 25 ሜትር ከ20 ሴንቲሜትር ናት፣ ሰው ሁሉ ርዝመቷን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እናንተ ግን የትኛውም ሙዚየም የዓሣ ነባሪ አጽም ስታገኙ መቅዘፊያዋን እዩት፣ ውስጡ የጣት አጥንት አለ፣ ክንድ አለ፣ አንጓ አለ። እናታችሁ እጇን ዘርግታ ታስተያየው። ከኋላ በኩል ደግሞ አንዳንዱ አጽም ላይ ከጀርባ አጥንቱ ጋር ያልተገናኙ ሁለት ትንንሽ አጥንቶች ተንጠልጥለው ታያላችሁ፣ የዳሌ አጥንት ናቸው፣ እግር ከነበራቸው ቅድመ አያቶቿ የቀሩ።

ልጆች ሁሌ የሚጠይቁት ሁለት ጥያቄ አለ፣ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። አንደኛው "እውነተኛ ነው?" የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ኮፒ ነው የሚል ይሆናል፣ ይሄን ሰምቶ የተታለለ የሚመስለው ትልቅ ሰውም አለ። ኮፒ ማጭበርበር አይደለም። እ.ኤ.አ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ፣ የኛዋ ድንቅነሽ፣ በብዙ አገር ሙዚየም የምትታየው በኮፒ ነው፣ ምክንያቱም ዋናው አጥንት አንድ ጊዜ ከተሰበረ ሌላ የለም። ዲፒ የሚባለው የለንደኑ ዳይኖሰርም ጄሶ ነው፣ እ.ኤ.አ በ1905 ነው ለእይታ የቆመው፣ ጅራቱ ለብዙ ዘመን መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች እነዚህ እንስሳት ጅራታቸውን ወደላይ ይዘው ነበር የሚሄዱት ብለው ሲደርሱበት እ.ኤ.አ በ1993 ጅራቱ ተነሳ። እኔ ይሄን ታሪክ ለወጣት ስነግር ደስ ይለኛል፣ አንድ ተቋም በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያየውን ነገር ሰው ሁሉ እያየ ሲያስተካክል ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በሕይወት ያለ መስሎ የቆመ እንስሳ ፊት የሚመጣው "ማን ገደለው?" ነው። እዚህ ጋ ቤተሰብ ይደናገጣል፣ "ተኝቶ ነው" ምናምን ይላል። እባካችሁ አትዋሹ። ቆዳው እውነተኛ ነው፣ ውስጡ ቅርጽ ተሠርቶለት ነው፣ ዓይኑ መስታወት ነው፣ ከድሮዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ለሙዚየም ተብለው በጥይት የተገደሉ ናቸው፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሞቶ የተገኘ ወይ መካነ እንስሳት ውስጥ የሞተ ነው። ልጅ ይሄን ይችላል። ካዘነ ይዘን፣ ማዘኑ ትክክል ነው።

ግን ያ ሁሉ መሰብሰብ ለምን ጠቀመ ለሚለው መልስ ይኑራችሁ። የወፍ እንቁላል መሳቢያ ስከፍት ሁሌ የሚገርመኝ ነገር ነበር፣ እያንዳንዱ እንቁላል ጎኑ ላይ ውስጡ የወጣባት ትንሽ ቀዳዳ አለችው፣ አጠገቧ በቀጭን ቀለም ቀን ተጽፏል። አንድ ሰው ደብዛዛ መብራት ስር ተቀምጦ የጻፈው ቀን ነው። እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ጭልፊቶች እያለቁ ነበር፣ እንቁላላቸው ጎጇቸው ውስጥ ይሰበር ነበር። ዴሪክ ራትክሊፍ የሚባል ተመራማሪ የድሮ የእንቁላል ስብስቦችን እየመዘነ እየለካ ሲሄድ ቅርፊቱ መሳሳት የጀመረው እ.ኤ.አ ከ1940ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ እንደሆነ አገኘ፣ ዲዲቲ የሚባለው ፀረ-ተባይ በየቦታው መረጨት በጀመረበት ጊዜ ማለት ነው። ያንን ያወቀው ቀኑ ስለተጻፈ ነው። እንቁላሉን የሰበሰበው ሰውዬ ስለ ዲዲቲ ምንም አያውቅም፣ ቀኑን ብቻ በትክክል ጻፈ። በኋላ ዲዲቲ ለእርሻ እንዳይውል በብዙ አገር ተከለከለ፣ ጭልፊቶቹም ተመለሱ። ልጁ "ለምን ገደሉት" ሲል ይሄንንም ንገሩት።

ስለ ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር። ሉሲ አጠገብ "3.2 ሚሊዮን ዓመት" የሚል ጽሁፍ ጋ ስትደርሱ እናታችሁ ወይ አያታችሁ "ይሄማ ሊሆን አይችልም" ሊሉ ይችላሉ፣ እናንተም ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁትን ይዛችሁ አዳራሹ መሃል ክርክር ልትገጥሙ ትችላላችሁ። ተዉት። እናታችሁን ልትረቱ አይደለም የሄዳችሁት። ከጠየቋችሁ እንዴት እንደተለካ ንገሯቸው፣ አጥንቱ የተገኘበት አፈር ከላይም ከታችም የእሳተ ገሞራ አመድ አለው፣ አመዱ ውስጥ ያለ ፖታሲየም በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይቀየራል፣ ያንን ለክተው ነው ዕድሜውን የሚያወጡት። ካልጠየቁ ዝም በሉና እናንተ ጠይቋቸው። ትልልቅ ሰዎች ስለ እንስሳት የሚያውቁት ካርድ ላይ የሌለ ነገር አላቸው፣ የቱ ወፍ ዝናብ ሲመጣ እንደሚጮህ፣ የቱ አውሬ በየት በኩል ከብት እንደሚይዝ። አንድ ቤተሰብ በአያት ዙሪያ ተሰብስቦ ጅብ ፊት ቆሞ ሲያወራ ካየሁ ሥራዬን እረሳ ነበር። መቀመጫ የት እንዳለ ግን አስቀድማችሁ እዩ፣ ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች አይናገሩም።

ስልክ አትያዙ አልልም። ግን አጽሙን አንድ ጊዜ አንሱና ካርዱንም አንሱት፣ በደንብ እንዲነበብ። ብዙ ጊዜ ካርዱ ጥግ ላይ ቁጥር አለ፣ ማንም አያየውም፣ እሱ የናሙናው ቁጥር ነው። ቤት ገብታችሁ ልጁ ማታ ያላሰባችሁትን ጥያቄ ሲያመጣ ለሙዚየሙ ጻፉ። ብዙ ሰው "እነዚህ ትልልቅ ሳይንቲስቶች ለኔ ይመልሳሉ ወይ" ይላል። እ.ኤ.አ በ1938 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአንድ ትንሽ ሙዚየም የምትሠራ ማርጆሪ ኮርትኔይ-ላቲመር የምትባል ሴት አሳ አጥማጆች ከያዙት መሃል ያገኘችውን እንግዳ አሳ በእጇ ሥላ ለአንድ ባለሙያ በደብዳቤ ላከችለት፣ እሱም መለሰላት፣ አሳው ሲላካንዝ የሚባለው ነበር፣ ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፍቷል የተባለ የአሳ ወገን። እኔም ከልጆች የሚመጣ ደብዳቤ ሲደርሰኝ የያዝኩትን ትቼ ነበር የምመልሰው፣ የሥራ ባልደረቦቼም እንደዛው። የናሙናውን ቁጥር ብቻ አትርሱ፣ "በግራ በኩል ያለው ትልቁ ወፍ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ፈላጊው ሰውዬ ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ቁጥሩ ካለ ግን መሳቢያውን በቀጥታ ከፍቶ እያየው ነው የሚመልስላችሁ።