«ፈጣኑ አይሻልም ወይ?» ላልሽኝ

እህቴ፣ ከአራት ኪሎ የላክሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሽ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ኢንተርቪው ገብተሽ፣ «የደንበኞችን ፓስዎርድ እንዴት ታስቀምጫለሽ?» ተባልሽ። «በኤምዲ5፣ ፈጣን ስለሆነ» አልሽ። ኤምዲ5 ፓስዎርድን ወደማይነበብ ኮድ፣ ማለትም ወደ ሃሽ፣ ከሚቀይሩ የቆዩ ዘዴዎች አንዱ ነው። ጠያቂዎቹ ተያዩ፤ ከዚያ ወዲህ አልደወሉም። አሁን «ሴኩሪቲውን ትቼ ዌብሳይት ልሥራ?» ትዪኛለሽ።

አትተዪው። ደግሞም ዌብሳይት ብትሠሪ ከመግቢያ ገጽና ከፓስዎርድ አታመልጪም።

ትምህርት ቤት ፕሮግራም በፈጠነ ቁጥር ይመሰገናል። እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዳታቤዝ የሰረቀ ሌባ ሃሹን ወደኋላ አይፈታውም፤ ይገምታል። አንድ ቃል ወስዶ ሃሽ ያደርጋል፣ ካልገጠመ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ለአንቺ የፈጠነው ለእሱም ፈጠነለት ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። ስምንት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ያሉት ፓስዎርድ 209 ቢሊዮን ገደማ አማራጭ አለው። በሰከንድ 10 ቢሊዮን ኤምዲ5 የሚሞክር የጌም ግራፊክስ ካርድ ሁሉንም በ21 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ያዘዝሽው ማኪያቶ እንኳ አይደርስም። ሆን ተብሎ እንዲዘገይ በተሠራው የሃሽ ዘዴ፣ በቢክሪፕት፣ አንዱ ሙከራ ሩብ ሰከንድ እንዲፈጅ ብታደርጊ ግን፣ እየተራ ለሚሞክር አንድ ፕሮሰሰር ከ1,600 ዓመት በላይ ነው። ሌባው ብዙ ካርድ ይደረድራል፣ ዓመቱም ያጥራል፤ ቢሆንም ልፋቱና ወጪው ሌላ ነው። ደንበኛሽ ሩብ ሰከንዷን ልብ አትላትም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን በ1979 ዩኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ስላለው ፓስዎርድ ሲጽፉ፣ ቀድሞ ፓስዎርዱን ይመሰጥር የነበረው ፕሮግራም ፍጥነት ራሱ ችግር እንደሆነ አንስተዋል። ቢክሪፕት በ1999 መጣ፤ አርጎን2 የተባለው ሌላ ዘገምተኛ ዘዴ ደግሞ በ2015 የፓስዎርድ ሃሽ ውድድር አሸነፈ።

አሁን ላፕቶፕሽን ይዘሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ በይ። በፓይተን ኤምዲ5ንና ቢክሪፕትን ለኪያቸው። የቢክሪፕቱን የክብደት ቁጥር (ምን ያህል እንዲዘገይ የሚወስነውን) ከ10 ወደ 12 ስታደርጊው ጊዜው አራት እጥፍ ሲሆን በዓይንሽ ታያለሽ። ከዚያ ሃምሳ ሰው ባንዴ ሲገባ ሰርቨሩ ምን እንደሚሆን ሞክሪ፤ ዋናው የሥራው ጭንቅ እዚያ ነው፣ በጣም ካዘገየሽው ደንበኛውም በር ላይ ይቀራል። ውጤቱን ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ፣ በጊትሃብ፣ ላይ አድርጊና ሲቪሽ ላይ ጻፊው።

ለነዚያ ጠያቂዎችም ሦስት መስመር ኢሜይል ላኪላቸው፦ «የዚያን ቀን የመለስኩት ስህተት ነበር፣ ለክቼ ያገኘሁት ይኸው።» ላይመልሱ ይችላሉ። እኔ ሰው ስቀጥር እንዲህ ያለ ኢሜይል ቢደርሰኝ ግን በማግስቱ እደውላለሁ።