ነርስነቱን ከመተውሽ በፊት

ጥያቄ፦ «24 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የነርስነት ትምህርቴን ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር ሲቀረኝ ሜላስ የሚባል የማይቶኮንድሪያ (የሴል ኃይል ማመንጫ) ሕመም እንዳለብኝ ታወቀ። ስትሮክ የሚመስል ነገር ሁለት ጊዜ ይዞኛል። ሁለተኛው የመጣብኝ ሁዳዴን እየጾምኩ፣ ሌሊት አረጋውያን እየተንከባከብኩ ሳለ ነው። በግራ በኩል እይታዬ ቀንሷል። እናቴ ለማንም አትናገሪ ትለኛለች። ትምህርቱን ልተወው? ለቀጣሪስ ምን ልበል?»

እህቴ፣ አትተይው። ሙሉ ሴሚስተር ከከበደሽ ለሁለት ከፍለሽ ለመውሰድ የኮሌጅሽን የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ጠይቂ።

ሕክምናው የሐኪምሽ ነው፤ እኔ ከሥራ ጋር የሚገናኘውን ላንሳ። በተለመደው ስትሮክ የደም ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል። በሜላስ ግን የአንጎል ሴሎች የሚበቃ ኃይል ማመንጨት ያቅታቸዋል። ትኩሳት፣ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ ምግብ መዝለልና ከአቅም በላይ ድካም ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። አሁን የሆስፒታልን ሌሊት አስቢው። 12 ሰዓት ቆሞ መዋል፣ ለመብላት ፋታ ማጣት፣ ከጉንፋን በሽተኞች ጋር መዋል። ስለዚህ ሥራ ስትፈልጊ ከደመወዙ በፊት ሰዓቱን ጠይቂ። የቀን ክሊኒክ፣ በስልክ ታካሚ የሚያማክሩ ነርሶች፣ የኢንሹራንስ ኬዝ ማኔጅመንት (የታካሚዎችን ሕክምና ከቢሮ ሆኖ መከታተል) ለአንቺ ይመቻሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ለዚህ ነው ከክሊኒክ ጀምሪ የምልሽ። እይታሽ ግን ከመድኃኒት አሰጣጥ ጋር ስለሚያያዝ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት በባለሙያ ይመዘን።

ስለ ጾሙም ሐኪምሽንና የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ። ቤተ ክርስቲያን ታማሚን አታስጨንቅም።

እናትሽ የፈራችው ይገባኛል። ሰው ሲወድቅ አይተው በእኛ ሰፈር የሚወራው ያስፈራል። በኢንተርቪው ላይ የመናገር ግዴታ የለብሽም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በ2008 ሲሻሻል፣ እየመጣ የሚሄድ ሕመም በተነሳ ጊዜ ኑሮን በእጅጉ የሚያሰናክል ከሆነ እንደ አካል ጉዳት እንዲቆጠር ተደርጓል። ሕጉ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ይመለከታል። ቀጣሪው ኦፈር (ልቅጠርሽ የሚል ቃል) ከመስጠቱ በፊት ስለ ሕመምሽ ሊጠይቅሽ አይችልም። ከኦፈሩ በኋላ ለሁሉም ተቀጣሪ የሚሰጥ የጤና ቅጽ ካለ ግን እውነቱን ሙዪ። ያን ጊዜ የቀን ሺፍትና ቋሚ የምግብ ሰዓት እንዲፈቀድልሽ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በጽሑፍ ጠይቂ። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ዓመትና 1,250 ሰዓት ከሠራሽ፣ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ የሕመም ፈቃድ በሕግ ታገኛለሽ። ከፋፍለሽም መውሰድ ትችያለሽ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ከእናትሽ እለያለሁ። ሥራ ቦታ ቢያንስ አንድ የምታምኚው ሰው ይወቅ። ብትወድቂ 911 ደውሎ «ሜላስ አለባት» የሚል ሰው ያስፈልግሻል። ቫልፕሮኤት የሚባለው የሚጥል ሕመም መድኃኒት እንዲህ ላለው ሕመም አደገኛ ሊሆን ይችላል። ይህን የያዘ የድንገተኛ ካርድ ሐኪምሽ ይጻፍልሽ፤ ከባጅሽ ጋር አንገትሽ ላይ ይሁን።

መኪና መንዳቱን ሐኪምሽ እስኪፈቅድ ተይው። ቤትሽ ሬድ ላይን የሚባለው የሜትሮ ባቡር መስመር አጠገብ ከሆነ ፍለጋሽን ከዚያው መስመር ጀምሪ። ሜዲካል ሴንተር ጣቢያ ስትወርጂ ኤንአይኤች (የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) እና ዋልተር ሪድ (የጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል) ፊት ለፊትሽ ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ዶርስ የሚባል የመንግሥት ቢሮም አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ሥራ ፍለጋና ሥልጠና ላይ ይረዳል። ከመመረቅሽ በፊት ተመዝገቢ።